ስምንት ቅዳሜ በአንድ የድርሰት ሥልጠና፤ ስለ ዘይቤ የተማርነውና ያልተማርነው

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ፣ የአማርኛ ድርሰት አጻጻፍ ሥልጠና ገብቼ ስምንት ቅዳሜ ተምሬ ወጥቻለሁ። ትምህርቱ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡30 ይቆያል፤ ክፍያው ከማስተማሪያ ጥራዙ ጋር 4,800 ብር ነው። በክፍሉ 17 ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን የባንክ ሠራተኞች፣ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ፣ ልብ ወለድ የሚጽፍ አንድ ወጣትና ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ ሹም ይገኙበታል። የማሠልጠኛውን ስም የማልጠቅሰው፣ ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ ከምስጋናዬ ስለማያንስና ቅሬታው በዚያ ቤት ብቻ ሳይሆን ድርሰትን በምናስተምርበት መንገድ በጠቅላላው የሚታይ ስለመሰለኝ ነው።

ወደ ሥልጠናው የወሰደኝ ልብ ወለድ የመጻፍ ምኞት አይደለም። እንጀራዬ ሪፖርት፣ የአሠራር መመሪያና አልፎ አልፎ ለመጽሔት የሚሆን የማብራሪያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ከዓመት በፊት የክፍላችን ኃላፊ ሦስት ሰዎች የጻፍናቸውን ሦስት ሪፖርቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «ስሙን ካላየሁ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም» ሲሉ፣ እኔ ራሴ የእኔን ለመለየት ሁለተኛውን ገጽ መግለጥ ነበረብኝ። ሰውየው ነቀፋ ለመሰንዘር አልነበረም የተናገሩት፤ እንዲያውም የመሥሪያ ቤቱ አጻጻፍ ወጥ ሆነ ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ለማስረዳት የሚጽፍ ሰው የራሱ መልክ ሊኖረው ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዤ ነው የተመዘገብሁት።

በትምህርት ቤት እንደተማርነው ድርሰት ተራኪ፣ ስዕላዊ፣ ገላጭና አመዛዛኝ እየተባለ በአራት ይከፈላል። ክፍፍሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መማሪያ መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቤይን ነው። በስያሜዎቹ ላይ ግን በአማርኛ ገና አልተስማማንም። «መግለጽ» የሚለው ግስ የአንድን ነገር መልክና ቁመና በቃላት ማሳየትንም፣ የአንድን ነገር ምንነትና አሠራር ማብራራትንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ አንዱ መምህር «ገላጭ» ሲል ሌላው የሚረዳው «ስዕላዊ» ብሎ ነው። የሥልጠናው ጥራዝ ራሱ በአንድ ምዕራፍ «ገላጭ» ያለውን በሌላው «አስረጂ» ይለዋል። አንባቢን ላለማደናገር፣ እኔ እዚህ ነገርን ለዓይንና ለጆሮ አቅርቦ የሚያሳየውን ስዕላዊ፣ ነገር እንዴትና ለምን እንደሚሆን የሚያብራራውን አስረጂ እያልሁ እቀጥላለሁ።

የጊዜው አደላደል የቤቱን እምነት በግልጽ ይናገራል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለመግቢያ ሲውል፣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት አራት ቅዳሜዎች በሙሉ ለስዕላዊ ድርሰት ተሰጥተዋል። አስረጂ ድርሰት የደረሰው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እርሱንም ተጋባዥ መምህርት ናቸው የሰጡት። ሰባተኛው ተራኪና አመዛዛኝ ተጨናንቀው የተሰጡበት ሲሆን፣ ስምንተኛው የማጠቃለያ ሥራችንን ያነበብንበት ነበር።

ለዚህ ማዳላት ሰበቡ አንድ ቃል ይመስለኛል፤ ቃሉም «ዘይቤ» ነው። በአማርኛ ዘይቤ ስንል የአንድን ጸሐፊ የአጻጻፍ ጠባይ ማለታችን ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የሸመደድናቸው ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸትና የመሳሰሉት ሁሉ ዘይቤ ይባላሉ። ስለዚህ አሠልጣኙ «ዛሬ ስለ ዘይቤ እንማራለን» ሲል፣ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ስለ ጸሐፊው ጠባይ ሳይሆን ስለ ንጽጽርና ስለ ግነት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ንጽጽር ያልበዛበት ጽሑፍ ዘይቤ የሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቆጠራል። አስረጂ ድርሰትም በዚሁ ሒሳብ ደረቅ፣ መልከ ቢስና ማንም ቢጽፈው አንድ የሆነ ነገር ተደርጎ ይቀርባል። የጥራዙ የአስረጂ ምዕራፍ ይህንን ሳይሸሽግ «የጸሐፊው ማንነት የማይንጸባረቅበት» ሲል ይበይነዋል።

ይህን ብዬ ስዕላዊውን ክፍል ላቃልለው አልሻም፤ ከሥልጠናው የተሻለው ትምህርት በብዛት የተገኘው እዚያ ነው። ዋናው አሠልጣኝ ትዕግሥት ያለው፣ ዓይኑ የሠላ ሰው ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ የሰው መልክ እንድንስል ሲያዝዘን፣ ከ17 ሰዎች ዘጠኙ ስለ አንዲት ሴት ጽፈን፣ ዘጠኛችንም ጥርሷን ሐጫ በረዶ፣ አንገቷን ብርሌ፣ አፍንጫዋን ሰልካካ፣ ፀጉሯን ዞማ አድርገናት ተገኘን። አሠልጣኙ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሳይሳለቅ አንድ በአንድ ካነበበልን በኋላ፣ «ይህችን ሴት መንገድ ላይ ብታገኟት ከእነዚህ ዘጠኝ ወረቀቶች በየትኛው ታውቋታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ አልነበረም። እነዚህ አነጋገሮች በዘፈንና በቃል ግጥም ውስጥ የራሳቸው ቦታና ውበት አላቸው፤ ዜማው ይሸከማቸዋል። በስድ ንባብ ውስጥ ሲደረደሩ ግን ሴትዮዋን ከማሳየት ይልቅ ይጋርዷታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ አሮጌ ጥቁር ጃንጥላ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ምንም ማነጻጸሪያ ሳትጠቀሙ ጻፉት፤ ‹እንደ› እና ‹የመሰለ› የሚሉት ቃላት ዛሬ ዕረፍት ላይ ናቸው» አለን። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሁላችንም ተጨነቅን፤ ያረጀ፣ ጊዜ ያለፈበት፣ ብዙ ዝናብ ያሳለፈ ከማለት በቀር የምንለው አጣን። ከዚያ በኋላ ግን ጃንጥላውን ማየት ጀመርን። ጡረተኛው የሒሳብ ሹም ከስምንቱ ዘንጎች አንዱ ተሰብሮ በሰማያዊ የማዳበሪያ ጆንያ ክር መታሠሩን፣ ክሩም ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ በእሳት መለብለቡን ጻፉ። የባንክ ሠራተኛዋ እጀታው ላይ የአውራ ጣት ልክ የሆነ የተፋቀ ቦታ አየች፤ ባለቤቱ ግራኝ መሆን አለበት ስትልም ጨመረች። የእኔ ወረቀት የጨርቁን ጥቁረት በመግለጽ ተጀምሮ በጨርቁ ጥቁረት አልቋል። በዚያ ቀን የተረዳሁት፣ ስዕላዊ ድርሰት ጸሐፊውን የሚለየው ጌጡ ሲነሣለት መሆኑን ነው፤ የሚለየንም ማን ምን አየ የሚለው ነበር። አሠልጣኙ ይህንን ያህል ግሩም ነገር ካሳየን በኋላ በአራተኛውና በአምስተኛው ቅዳሜ ወደ ተለዋጭና ሰውኛ ልምምድ ተመልሶ መግባቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ልብ ወለድ ጸሐፊው ወጣት በዚህ ክፍል የሁላችንም አለቃ ነበር ማለት ይቻላል። ቢሆንም የራሱ የሆነ አደጋ ነበረበት፤ ጃንጥላውን በጻፈበት ወረቀት ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር እጅግ ልዩ ከመሆኑ የተነሣ፣ ርእሱ ባይኖር የሚወራው ስለ ጃንጥላ ይሁን ስለ ቁራ መለየት ያስቸግር ነበር። ልዩነት ለብቻው ግብ ሲሆን የሚያስከትለውን መዘዝ አሠልጣኙ በዝርዝር ቢነግረው ጥሩ ነበር፤ በማድነቅ አልፎታል።

ስድስተኛው ቅዳሜ ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል። ተጋባዥዋ መምህርት ጠረጴዛው ላይ በመሶብ አንድ እንጀራ አስቀመጡና ሁለት ወረቀት እንድንጽፍ አዘዙን፤ በአንደኛው እንጀራውን እንድናሳይ፣ በሁለተኛው ደግሞ እንጀራ እንዴት ተጋግሮ እዚህ እንደሚደርስ በሕይወቱ አይቶት ለማያውቅ ሰው እንድናስረዳ። ስማችንን አልጻፍንም። ከዚያ ወረቀቶቹ ተደባልቀው ጮክ ብለው ተነበቡና የትኛው የማን እንደሆነ እንገምት ጀመር። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ እርስ በርሳችን በደንብ ተዋውቀን ነበር። ከስዕላዊዎቹ 17 ወረቀቶች ባለቤታቸውን በትክክል ያገኘነው የሦስቱን ብቻ ሲሆን፣ ከአስረጂዎቹ ግን የ11ዱን አገኘን።

ውጤቱ ሁላችንንም አስደነገጠ፤ ምክንያቱ ግን ወረቀቶቹን ደግሞ ሲያነቧቸው ግልጽ ነው። በስዕላዊዎቹ ውስጥ እንጀራው ከሞላ ጎደል በሁሉም ወረቀት ዓይናማ፣ ለስላሳና የማር እንጀራ የመሰለ ነበር፤ የጃንጥላውን ትምህርት በሦስት ሳምንት ውስጥ ረስተነዋል። አስረጂዎቹ ላይ ስንመጣ ግን ሁሉም ሰው ከሊጥ እስከ ምጣድ ያለውን መንገድ በራሱ እግር ነው የሄደው። የሒሳብ ሹሙ በጊዜና በመጠን አስቀመጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ይህ፣ በሦስተኛው ቀን ያ፣ ይህን ያህል ጣሳ ዱቄት፣ ይህን ያህል ውሃ። አንድም ምክንያት አልሰጡም፤ አንድም ቁጥር አልዘለሉም። ከሁለቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አንዱ በየሁለት ዐረፍተ ነገሩ አንባቢውን እየጠየቀ ይመልሳል፤ «ታዲያ ውሃው ለምን ይደፋል?» የሚለው የእርሱ መሆኑን ለመገመት አፍታ አልፈጀብንም።

የመድኃኒት ባለሙያዋን ወረቀት እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ሌሎቻችን አብሲት መጣልን በአንድ መስመር ስናልፈው፣ እርሷ ግማሽ ገጽ ሰጠችው። ሊጡ ከቦካ በኋላ ከላይ የጠለለው ውሃ እንደሚደፋ፣ ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ እየተማሰለ እንደሚበስል፣ ቀዝቀዝ ሲልም ወደ ሊጡ እንደሚመለስ ካስረዳች በኋላ፣ «ጥሬው ሊጥ ስስ ነውና አየሩን አይዝም፤ የበሰለው ይወፍራልና ይይዘዋል፤ እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ያ አየር ምጣዱ ላይ ሲያመልጥ ነውና አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ ዓይን ቢነፍገን አይግረመን» ብላ ጻፈች። አንድም ንጽጽር የለበትም። ያም ሆኖ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ የእርሷ መሆኑን ተናገረ፤ ምክንያቱም በንግግሯም ቢሆን የነገሯን ሰበብ ሁልጊዜ በዚያች በግስ ጫፍ ላይ በምትቀጠል «ና» ነው የምታስከትለው። የተደነቅነው በልብ ወለድ ጸሐፊው ነው። ወረቀቱ «እንደሚታወቀው እንጀራ የኢትዮጵያውያን መለያ የሆነ ባህላዊ ምግብ ሲሆን» ብሎ የሚጀምር ነበር፤ በጌጡ የምናውቀው ልጅ ማስረዳት ሲታዘዝ የራሱን ልብስ አውልቆ የመሥሪያ ቤት ካፖርት ለብሶ መጣ። ባለቤቱን ማንም አልገመተም።

የእኔ ታወቀ። መምህርቷ «ማን ነው ‹ይሁንና› በአንድ ገጽ አራት ጊዜ የሚል?» ሲሉ 16 ጣቶች ወደ እኔ ዞሩ።

በሻይ ዕረፍት ላይ ይህ ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ መምህርቷ ከአሜሪካ ታሪክ የታወቀውን ምሳሌ አነሡልን። እ.ኤ.አ. በ1787 እና 1788 አዲሱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለመደገፍ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ «ፑብሊየስ» በሚል አንድ የብዕር ስም 85 ጽሑፎች አወጡ፤ በኋላም 12ቱ የሃሚልተን ይሁኑ የማዲሰን የረጅም ጊዜ ክርክር ሆነ። ጽሑፎቹ የሚያስረዱና የሚሟገቱ ናቸው፤ ሁለቱም ሰዎች በዘመኑ በነበረው አንድ ዓይነት የተከበረ አጻጻፍ ስለሚጽፉ፣ በዐረፍተ ነገራቸው ርዝመት እንኳ መለየት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ጥናታቸውን ያሳተሙት ፍሬደሪክ ሞስቴለርና ዴቪድ ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ግን ትልልቆቹን ቃላት ትተው ማንም ልብ የማይላቸውን ትንንሽ ቃላት ቆጠሩ። ሃሚልተን «አፖን» (upon፣ «ላይ» እንደ ማለት) የምትለውን ቃል በየ1,000 ቃላት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይጠቀማታል፤ ማዲሰን ከስንት አንዴ ነው። ሃሚልተን «ዋይል» (while) በሚልበት ቦታ ማዲሰን ትርጉሙ ያው የሆነውን «ዋይልስት» (whilst) ይላል። ቆጠራው አከራካሪዎቹን ጽሑፎች ለማዲሰን ሰጣቸው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን በአማርኛ እየመነዘርሁ ሄድሁ። አንድ ሐሳብ ከሌላው ሲቃረን ይሁንና፣ ሆኖም፣ ነገር ግን፣ ዳሩ ግን፣ ግና ማለት ይቻላል፤ ትርጉማቸው ይህን ያህል አይራራቅም፤ እያንዳንዳችን ግን ሳናስበው የምናነሣው አንዱን ነው። ሰበብ ሲነገርም ምክንያቱም፣ ስለሆነ፣ በመሆኑ፣ ነውና እያልን እንለያያለን። ግሱ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን መቼ እንደሚዘጋ መወሰን ራሱ የጸሐፊው ፊርማ ነው፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ አራት ነጥብ ያስቀምጣል፣ ሌላው በድርብ ሰረዝ እያስታገሠ ገጹን ያጋምሳል። ፊደሉም ይናገራል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» እያለ ሞክሼ ፊደላትን የሚመርጥ እጅ፣ አራሚ ካልገባበት በቀር፣ ከሩቅ ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ በጃንጥላም ሆነ በሐጫ በረዶ ውስጥ አይጠፉም፤ ነገር ግን አንባቢ በስዕሉ ሲጠመድ አያያቸውም፤ ማስረዳት ውስጥ ግን ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ጎልተው ይወጣሉ።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይህ ነው። ጥራዙ የአስረጂ ድርሰት ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ስለ ውሃ አቅርቦት የተጻፈ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ሲሆን (እኔም ይኸው «ሲሆን» አልሁ)፣ የመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በውስጡም አራት «ሲሆን»፣ ሁለት «ከዚህ አንጻር» እና አንድ «በመሆኑም» አሉ። በአጭሩ «አቅርቦቱ ችግር ያለበት ሲሆን ለችግሩም መንሥኤ የመስመሮች እርጅና ሲሆን» እያለ ይሄዳል። ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም፤ ሁሉም ነገር ተደርጓል፣ ተከናውኗል፣ ታይቷል። እንደ ልምምድ ያህል እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍሁት፦ «ውሃው ሰፈራችን የማይደርሰው ቧንቧው ስላረጀ ነው። ያረጀ ቧንቧ ያፈስሳል፤ የሚያፈስስ ቧንቧ ግፊት ያጣል፤ ግፊት ያጣ ውሃ ደግሞ ዳገት አይወጣም።» ዋናው አሠልጣኝ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ነው፤ ግን ዘይቤ ይጎድለዋል» ሲል ጽፎ መለሰልኝ። ምን ጨምር ማለቱ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ቧንቧውን ከሽማግሌ ጋር ባነጻጽረው እንደሚያምር ነገረኝ።

በጥራዙ ሽፋን ላይ በትልልቅ ፊደል «ዘይቤ ማለት ሰውየው ራሱ ነው» የሚል ቃል ታትሟል፤ የተናጋሪው ስም ግን አልተጻፈም። ቃሉ የፈረንሳዊው የቡፎን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1753 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ሲገባ ካደረገው ንግግር የተወሰደ ነው። ቡፎን ልብ ወለድ ጸሐፊም ባለቅኔም አይደለም፤ ዕድሜውን የፈጀው ስለ እንስሳት፣ ስለ ማዕድናትና ስለ ምድር አፈጣጠር በርካታ ቅጾች በመጻፍ ነው። በእርግጥ እንስሳቱን ሲስል ብዕሩ ይረዝማል፤ ቢሆንም ዋና ሥራው ማስረዳት ነበር። ማሠልጠኛው የአንድን አስረጂ ጸሐፊ ቃል ሽፋኑ ላይ ለጥፎ፣ በውስጡ አስረጂ ድርሰት ማንነት የለውም ብሎ ማስተማሩ የሚያስቅ ነገር አለው።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ የጸሐፊው መልክ በየትኛውም አስረጂ ጽሑፍ ውስጥ መታየት አለበት የሚል ሐሳብ የለኝም። የመድኃኒት ባለሙያዋ በዚያው ዕረፍት ላይ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚሰጥ የአጠቃቀም ወረቀት ላይ የእርሷ «ና» ጨርሶ መታየት እንደሌለበት፣ በሽተኛው የሚፈልገው በቀን ስንቴ እንደሚውጥ ብቻ መሆኑን ተናግራ ነበር። ውልም እንዲሁ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ማስታወቂያም እንዲሁ። የክፍላችን ኃላፊም በዚህ መንገድ ሲታዩ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እኔን የሚያስከፋኝ የሦስታችን ሪፖርቶች መመሳሰላቸው ብቻ ሳይሆን፣ የሚመሳሰሉት ማንም በማይረዳው ቋንቋ መሆኑ ነው፤ ወጥ መሆንና ግልጽ መሆን አብረው ሊሄዱ ሲችሉ እኛ ወጥነቱን ብቻ ወስደናል።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርሰው። ክፍሉ ብርሃን አለው፤ ወንበሮቹ ግን ለሦስት ሰዓት ተኩል አይመቹም። ከስድስት የቤት ሥራዎች ታርመው የተመለሱልን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ለአጻጻፍ ሥልጠና ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ወረቀቱን የሚያይለት ሌላ ዓይን ለማግኘት ነውና። በአምስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ባለመሥራቱ፣ አሠልጣኙ ያለ ስላይድ በቃሉ አስተማረ፤ ከሌሎቹ ቀናት የተሻለ ነበር። የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የእኔ ላይ የአባቴ ስም በስሕተት ተጽፎ ነበር፣ በሳምንቱ አስተካክለው ሰጥተውኛል። ሻይና ዳቦ በክፍያው ውስጥ ይካተታል።

ልብ ወለድ ወይም የጉዞ ማስታወሻ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜ ብቻ ገንዘቡን ያወጣል። እንደ እኔ ሪፖርት፣ መመሪያ ወይም የጋዜጣ ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ግን 4,800 ብር ከፍሎ የሚፈልገውን የሚያገኘው በአንድ ቀን ብቻ መሆኑን አውቆ ይግባ። ከመመዝገቡ በፊትም ቢሮውን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ስድስተኛውን ቅዳሜ የሚሰጡት እኒያው መምህርት መሆናቸውን። በሚቀጥለው ዙር እርሳቸው እንደሚመጡ ገና አልተረጋገጠም ብለውኛል፤ የሚመጡ ከሆነ ያንን ቀን ብቻ ከፍዬ መግባት እችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነው፤ «ይሁንና» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶበታል።